ኑርልኝና ሞንታርቦው

ዘፈን የሚችል ልጅ፣ "እችላለሁ" እያለ ስለራሱ ካልለፈፈ ሰሚ እንዲያጣ ማን ፈረደበት? ስንቴ ጠየቅሁ። የሠፈራችን ሰው አንድ አባባል እየወረወረ ይስቃል። ሌላው ይሳቅ፤ እኔ መነሻውን ስለማውቅ አልስቅም። ከእኔው ቤት ነው የወጣ።

የልጅ ልጄ ኑርልኝ ክራር ይደረድራል፤ ድምፁም የተባረከ ነው። ግን አሳታሚ የለው፣ አስተዋዋቂ የለው። ዘፈኑን ራሱ ይቀርፃል፣ ራሱ በስልኩ ይለቅቃል፤ ከዚያ "ላይክ አድርጉልኝ፣ ሼር አድርጉልኝ" እያለ ሰው ሲለማመጥ ይውላል። እኔም ቅረጪኝ ተብዬ ግማሽ ፊቱን ቆርጬበት ተኳርፈናል።

ታዲያ የሠፈራችን ሆቴል ባለቤት አቶ ደምሰው፣ "የፊታችን ቅዳሜ ማታ አዳራሹን ሞልተህ በደንብ ከዘፈንክ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ መድረኩ ያንተ ነው" አሉት። ልጁ እንቅልፍ አጣ። እኔም አብሬው አጣሁ።

ቅዳሜ ማለዳ ጓደኛው ሰይድ ባጃጁ ላይ ሞንታርቦ የሚሉትን ድምፅ ማጉያ አስሮ መጣ።

"እኔ ልጣራልህ፤ አንተ እረፍ" ቢለው፣

"የኔን ስም እንደኔ የሚጠራ የለም!" አለ።

"ኧረ ጉሮሮህን፣ ልጄ!"

"እማማ፣ ማይክ አለ እኮ፤ ምን ያስጮኸኛል?"

"ገበያው ነዋ!"

"ካልተጣራሁ ማን ይመጣል? አንቺና ጋሽ ይመር?"

ጎረቤታችን ጋሽ ይመር ከደጃቸው ሆነው፣ "እኔማ በግድግዳው በነፃ እሰማሃለሁ፤ ምን ልሁን ብዬ እመጣለሁ?" አሉት።

ሄደ። በእህል ተራ፣ በመናኸሪያው፣ በወፍጮ ቤቱ፣ "ዛሬ ማታ! ኑርልኝ በክራሩ! እንዳትቀሩ!" እያለ ዋለ። ማር በዝንጅብል አፍልቼ ብልክለት "በኋላ" ብሎ መለሰው። ድምፁ ከመንገድ በተሰማኝ ቁጥር ማሩን መልሼ አሞቃለሁ።

ማታ አዳራሹ ጢም አለ። ጋሽ ይመር እንኳ አልቀሩም። ልጄ ክራሩን ቃኘ፣ አፉን ከፈተ፤ ዘይት እንዳጣ በር ሲጥ አለ። ውሃ ጠጥቶ ደገመ። ባሰበት። ሰዉ መጀመሪያ አዝኖለት ነበር፤ ኋላ አንዱ "ሞንታርቦውን አምጡለት!" ሲል አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

በነጋታው ጋሽ ይመር ሊያጽናኑን መጥተው እንደተቀመጡ አቶ ደምሰው ገቡ፤ ፊታቸው በርቷል።

"አንተ ልጅ፣ ሰው መጥራት ታውቅበታለህ! ለሚመጣው ቅዳሜ ሌላ ዘፋኝ ይዣለሁ፤ አንተ ትጣራልኛለህ።"

ደሜ ፈላ። "መድረኩ ያንተ ነው አላሉትም?"

"በምኑ ይዝፈን፣ እትዬ? ትናንት ሰምተውት የለም እንዴ?"

ኑርልኝ አንገቱን እንደደፋ ክራሩን አንሥቶ ከቤት ወጣ። ጋሽ ይመር ጀርባውን በዓይናቸው እየሸኙ፣ "አይ ልጅ፤ ሲጣራ የዋለ፣ ሲመጡ ሰለለ" አሉ።