በምን ሰበብ ልጥራሽ?

አንዲት እህት ነበረች። የመርሳ ከተማ ልጅ ናት፤ እቴነሽ እንበላት። ኩዌት ሄዳ በአንድ ሽማግሌ ነጋዴ ቤት ተቀጠረች። እሷ "ባባ" ትላቸው ነበር፤ እኛም ባባ እንበላቸው።

ወገኖቼ፣ ያቺን አገር ታውቋታላችሁ? ነዳጅ ትሸጣለች፤ ሌላውን ሁሉ ትገዛለች። ሩዙ ከህንድ፣ በጉ ከበርበራ፣ ሽንኩርቱ ከግብፅ፣ ሠራተኛዋ ከእኛ። ባባም ዕድሜያቸውን ሙሉ ይህንኑ በመርከብ ሲያስመጡ የኖሩ ሰው ናቸው። የጎደለው በስልክ ይታዘዛል፣ ወደብ ላይ ይራገፋል። ታዲያ እኚህ ሰው ምን ይጎድላቸዋል?

ሚስታቸው ሞተዋል። ልጆቻቸው ንግዱን ተረክበው በየቤታቸው ገብተዋል። አልበደሏቸውም፤ ሐኪም ይልካሉ፣ ፍራፍሬ ይልካሉ። ራሳቸው ግን አይመጡም።

ባባ አልጋቸው አጠገብ ደወል አላቸው። ይደውላሉ። "ውሃ።" እቴነሽ ደረጃውን ወጥታ ትሰጣቸዋለች። አንዴ ፉት ብለው ያስቀምጡታል። ገና ወጥ ቤት ሳትደርስ ደወሉ ይጮኻል። "ውሃ።" በቀን ሃያ ጊዜ! እናንተ ብትሆኑ አትነጫነጩም? እኔ እነጫነጫለሁ፣ አልዋሽም።

አንድ ቀን ዘዴ መጣላት። ትልቅ ማንቆርቆሪያ ሞልታ ከነብርጭቆው ትራሳቸው አጠገብ አኖረች። ደወሉ ዝም አለ። ተገላገልኩ አለች።

በሦስተኛው ቀን ውሃውን ልትቀይር ብትገባ፣ ማንቆርቆሪያው እንደ ሞላ ነው። አንድ ጉንጭ አልጎደለም። ለምን እንዳልጠጡ ጠየቀቻቸው።

ባባ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። "ውሃ ጠምቶኝ አልነበረም" አሉ። "አሁን በምን ሰበብ ልጥራሽ?"

እቴነሽ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። እሳቸውም አጫወቷት። ነዳጁ ሳይወጣ በፊት፣ በልጅነታቸው፣ የሚጠጣ ውሃ እንኳ ከጎረቤት አገር በጀልባ ይመጣ ነበር አሉ። ጀልባው የዘገየ እንደሆን ሰው የሰው በር እያንኳኳ ይካፈላል። ዛሬ ውሃው በየቤቱ በቧንቧ ይወርዳል፤ በር የሚያንኳኳም የለም።

የእሷ ልብ ግን መርሳ ሄዷል። እናቷ በየእሑዱ ሚስኮል ያደርጉላት ነበር። መልሳ ስትደውል፣ አንዱን እሑድ ስኳር አለቀብኝ ይላሉ፣ ሌላውን እሑድ ሻይ ቅጠል። ሰለቻት። ከሁለት ወር በፊት የዓመት ስኳርና ሻይ ቅጠል በካርቶን አሽጋ በካርጎ ላከች። ከዚያ ወዲህ ሚስኮል ቀረ። እሷም አልከፋትም ነበር።

ያን ዕለት ራሷ ደወለች። እናትየው ስልኩን አንስተው፣ ገና ሰላም ሳይባባሉ ምን አሉ መሰላችሁ?

"ልጄ፣ እኔ አልደወልኩም እኮ። ስኳሩ ገና አላለቀም።"

ስኳር ካላለቀ ልጃቸውን መፈለግ የማይገባቸው መስሏቸዋል። ይህን ስትነግረኝ እኔም አለቀስኩ።

ወገኖቼ፣ እኛም አስመጪና ላኪ ሆነን የለም እንዴ? ብር እንልካለን፣ መድኃኒት እንልካለን፣ ከላክን በኋላ ልባችን ያርፋል። መላኩ ደግ ነው፤ አልነቅፍም። ግን ጨው አውሱኝ ብላ የምትመጣው ጎረቤታችሁ እውነት ጨው አጥታ ነው? ስልኬ ተበላሸብኝ፣ መጥተህ እይልኝ የሚሉህ አባትህ፣ እውነት ስልኩ ተበላሽቶ ነው? ስንቱን ሰው የጠየቀውን ሰጥተን ዝም አሰኝተነዋል?

"ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት" እያልን በሰው እንቀልዳለን። እባካችሁ፣ በዚህ ሳምንት ያ የምንቀልድበት ሰው ሁኑ። ሰበብ አልቆባቸው ዝም ያሉ ሰዎች አሉና፣ ሳይጠሯችሁ አቤት በሏቸው።