ላስቲክ የለበሰው መሣሪያ

የሆስፒታሉ ዳይሬክተር ዶክተር ፍሬሰንበት ቀዝቃዛ ፕላዝማ የተባለ ተዋሲያን ገዳይ ጋዝ የሚረጨውን አዲሱን የጥርስ ማከሚያ መሣሪያ ሲያስመርቁ፣ የፊት ጥርሷን የታመመች አንዲት ሴት ለማሳያ ወንበሩ ላይ አስቀመጡ።

«አያቃጥል፣ አያደማ! ጥርስ የሚያበሰብሱትን ተዋሲያን ድራሻቸውን ያጠፋል። ከእንግዲህ እዚህ ቤት ጥርስ መንቀል ቀረ!» አሉ።

ተጨበጨበ፤ ፎቶም ተነሡ። እንግዶቹ ገና ሳይወጡ ዶክተሩ መሣሪያውን የመጣበትን ላስቲክ መልሰው አለበሱትና የጥርስ መንቀያ ጉጠት አነሡ።

«ምነው ዶክተር፣ በእሱ አይደል እንዴ የምታከመው?» አለች ሴትዮዋ ደንግጣ።

«እሱማ አዲስ ነው፤ በሰው ሁሉ አፍ እየገባ እንዳይበላሽብን ነው። በይ አፍሽን ክፈቺ!»

«ጥርስ መንቀል ቀረ ካሉንማ ቅርስ የሆነው ጉጠቱ ነው። ላስቲኩን ለእሱ ያልብሱትና መሣሪያውን ለእኔ ይተዉልኝ!»