ያልተነሳችው ልጅ

«አንድ ሀብታም ሰው ነበረ» አሉ ሲስተር የሺእመቤት።

አዜብ ግር አላት። የጠየቀችው ስለ ሀብታም ሰው አልነበረም። የነርሲንግ ኮሌጁ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት፤ ለመመረቂያ ጥናቷ፣ በጤና ጣቢያው የወለዱ እናቶች ከወሊድ በኋላ ለምርመራ ለምን እንደማይመለሱ ስትጠይቅ ሰንብታለች። ሲስተር የሺእመቤት አማካሪዋ ናቸው፤ በማስተማር ያረጁ፣ ለተማሪ ፊት የማይሰጡ ሴት።

ጥያቄዋ ይህ ነበር፦ «ሲስተር፣ ሁሉም ‹ደህና ነኝ› ነው የሚሉኝ። ደህና ከሆኑ ቀጠሮ ማክበር ምን ያቅታቸዋል? አንዷማ ወንበር ስቤ ‹ተቀመጪ› ብላት፣ በሩ ላይ እንደቆመች ‹ደህና ነኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ› ብላኝ ሄደች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ? ምክንያቱን ‹የእናቶች ግዴለሽነት› ብዬ ብጽፍ ምን ስህተት አለው?»

«ያንን ተረት የተረተው ሰውዬ ምኑን አሞት እንደነበር ባውቅ ደስ ባለኝ» አሉ ሲስተር። «ጉንፋን ይሆናል። አሁን ቁጭ በይ፤ አንድ ሀብታም ሰው ነበረ አልኩሽ።»

ከዚያም እንዲህ ሲሉ ተረኩላት።

ይህ ሀብታም ሰው ከብቱም እህሉም የሞላ ነበር፤ ልጅ ግን አንዲት ሴት ብቻ ነበረችው። ልጅቱ ገና ጡት ሳትጥል ነው እናቷ የሞተችባት፤ ስለዚህ እሱ እናትም አባትም ሆኖ አሳደጋት። ሳቂታ፣ ሰው ወዳድ ልጅ ነበረች። አስተዳደጓም ያስቀና ነበር፤ እንኳን ለትልቅ ሰው ለእኩያዋም ቢሆን ከመቀመጫዋ ብድግ ሳትል ሰላም አትልም። ይህን ያዥልኝ፤ ኋላ ይፈለጋል።

ገና ለጋ ሳለች ከወንዝ ማዶ ለሚኖሩ ሀብታሞች ዳራት። ዘመኑ እንዲያ ነበር ይላሉ፤ እኔ ግን ለዘመን ጠበቃ አልቆምም። ብዙም ሳትቆይ አረገዘች። ምጡ ጠናባት። ቀን አልፎ ቀን ተተካ፤ የመንደሩ ሴቶች «ማርያም፣ ማርያም» ሲሉ ድምፃቸው ተዘጋ። በመጨረሻ ልጁ ሞቶ ተወለደ።

አባት መርዶው ሲደርሰው፣ «እሷስ? ተርፋለች?» አለ።

«ተርፋለች» አሉት። እግዚአብሔርን አመሰገነ። ሴት ከምጥ መትረፏ አንድ ነገር፣ እንዴት ሆና እንደተረፈች ሌላ ነገር መሆኑን ያን ቀን የነገረው አልነበረም፤ እሱም አልጠየቀም።

ሰውዬው አንድ ታማኝ መልእክተኛ ነበረው። ቃል አይጨምር፣ ቃል አይቀንስ። «ሂድና ልጄ እንዴት እንደሆነች ጠይቅልኝ» ብሎ ላከው። መልእክተኛው ወንዙን ተሻግሮ ደረሰ። ልጅቱን ያገኛት ከቤቱ ራቅ ብሎ ከቆመ ወይራ ሥር፣ የታጨደ ለምለም ሣር ላይ ተቀምጣ ነው። አማቶቿ ደጃፉ ላይ ቆመው ያያሉ። መልእክተኛው በሩቁ ጮክ ብሎ፣ «እመቤቴ፣ አባትሽ እንዴት ነሽ ይሉሻል» አላት።

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን በላቸው» አለች። ከመቀመጫዋ ግን አልተነሳችም።

መልእክተኛው መጀመሪያ ደነገጠ፤ ቀጥሎ ከፋው። በሕፃንነቷ በጀርባው ያዘላት ሰው ነው፤ ሽበቱን እንኳ አላየችለትም። ቢሆንም ቤት ሲመለስ የተላከበትን ብቻ ተናገረ። «ደህና ነኝ ብላለች» አለ። አባት ደስ አለው።

ወራት አለፉ። የእናቷ መታሰቢያ ደርሶ ተጠራች፤ አልመጣችም። ለፋሲካ ተጠበቀች፤ ቀረች። አባት እንደገና ላከ። መልእክተኛው ከዚያው ከሣሩ ላይ አገኛት፤ አሁንም «ደህና ነኝ» አለችው፤ አሁንም አልተነሳችም። ጭራሽ ጠጋ ሊላት ሲል እጇን ዘርግታ፣ «እዚያው ሁን፤ አትቅረበኝ» አለችው። በዚህ ጊዜ ሆዱ አልቻለም።

«ጌታዬ፣ ልጅዎ ደህና ናት» አለ ሲመለስ፤ «ግን ኮርታለች። ተቀምጣ ነው የተቀበለችኝ። አትቅረበኝም ብላኛለች።»

እዚህ ላይ ልብ በይልኝ። ሰውዬው አልዋሸም። አለመነሳቷ እውነት ነው፤ አትቅረበኝ ማለቷም እውነት ነው። ጥፋቱ ላየው ነገር ሳይጠይቅ ስም ማውጣቱ ነው። ያየው መቀመጥ ነበር፤ ይዞ የተመለሰው ግን ኩራት ነው።

ስም ደግሞ አንዴ ከወጣ እግር አለው። «የማዶ ሀብት አናቷ ላይ ወጥቶ ነው» አለ አንዱ ጎረቤት። «እንኳን አባቷን ራሷንም ረስታለች» አለ ሌላው። የአባት ፊት ጠቆረ። «ለመልእክተኛዬ ያልተነሳች ለእኔ ነው ያልተነሳች» አለ። ነገሩ ሲከነክነው ሰንብቶ አንድ ማለዳ በቅሎውን አስጫነ። የሚሄደው ሊጠይቃት አልነበረም። አማቶቿ ፊት ሊረግማት፣ «ልጄ አይደለችም» ብሎ ሊክዳት ነበር። የአባት እርግማን ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ። ነገ ባሏ ቢያባርራት የምትገባበት ደጅ የላትም ማለት ነው።

ታላቅ እህቱ ይህን ሰማች። በዕድሜ የገፋች፣ ጉልበቷ የታመመ፣ ምላሷ ግን ፍጹም ጤነኛ የሆነ ሴት ናት። «እኔም እሄዳለሁ» አለች።

«እቴቴ፣ አንቺ እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ሠርጓ ላይ ነበርኩ፤ እርግማኗ ላይ ልቅር?» አለችው። ለእሷም በቅሎ ተጫነላት።

ደረሱ። ልጅቱ ከወይራው ሥር፣ ከሣሩ ላይ ናት። ከስታለች። አባቷን ስታይ ፊቷ በራ፤ ወዲያው ደግሞ መልሶ ጨለመ። ልትነሳ እጇን መሬት አስደገፈችና ተወችው። አማቶቿ እንደ ልማዳቸው ደጃፉ ላይ ቆመው ያያሉ። አባት ከበቅሎው ወርዶ ፊት ለፊቷ ተገተረ። እንግዲህ በዓይኑ አየ፤ ለገዛ አባቷም አልተነሳችም።

እህቲቱ ግን መቆም አልቻለችም። መንገዱ ጉልበቷን ጨርሶታል። «ወይ ጉልበቴ» እያለች ሄዳ ከልጅቱ አጠገብ ልትቀመጥ ጎንበስ አለች። ልጅቱ በድንጋጤ፣ «አይ አክስቴ፣ እዚህ አይቀመጡ! በርጩማ ላስመጣልዎ» አለች።

«ካንቺ ጎን ያልተቀመጥኩ የት ልቀመጥ?» አለችና ሣሩ ላይ ዘፍ አለች።

ሣሩ እርጥብ ነበር። ጤዛ ነው እንዳይባል ፀሐዩ ከፍ ብሏል፤ ዝናብ ነው እንዳይባል በጋ ነው። ከላይ ትኩስ ሣር ቢነሰነስበትም ከሥር ያለው ሽታ ነበረው። አሮጊቷ የወለደች፣ ያዋለደች፣ የቀበረች ሴት ናት፤ ገባት። ፊቷን አልለወጠችም። እጇን ሰድዳ የልጅቱን እጅ ያዘች።

አባት ጀመረ። «ከዛሬ ጀምሮ አንቺ...»

«ዝም በል!» አለችው እህቱ። «ልትረግማት መጥተህ የለ? ትረግማታለህ። መጀመሪያ ግን ና እዚህ ተቀመጥ።»

«እኔ? መሬት ላይ?»

«አንተ፣ መሬት ላይ። ታላቅህ ነኝ፤ ተቀመጥ ብያለሁ።»

ሰው ሁሉ የሚፈራው ያ ሀብታም አንድ የሚፈራት ሰው ነበረችው፤ እሷም ይቺ ናት። ተቀመጠ። ልብሱ ረጠበ። ሣሩን አየ፤ እህቱን አየ፤ ከዚያ ልጁን አየ። ልጅቱ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና፣ አማቶቿ በማይሰሙት ድምፅ፣ «አባባ፣ ብነሳ ያዩኛል» አለች።

ከዚያ ምጥ ወዲህ ሽንቷን መቋጠር አቅቷት ነበር። ሌት ተቀን ይወርዳታል። ስትቀመጥ ሣሩ ይደብቅላታል፤ ስትነሳ ቀሚሷ ያጋልጣታል። መልእክተኛውን አትቅረበኝ ያለችው ሽታው እንዳይደርሰው ነው። ለፋሲካ የቀረችው ሰው መሃል ገብታ መቀመጥ ፈርታ ነው። «ደህና ነኝ» ያለችውስ? አማቶቿ እየሰሙ፣ በሩቁ ቆሞ «እንዴት ነሽ» ብሎ ለሚጮህባት ወንድ ሌላ ምን ትበል? እኛ አገር እኮ ሬሳም ቢሆን «እንዴት አደርክ» ቢሉት «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚል ይመስለኛል።

ለእርግማን አፉን የከፈተው አባት ድምፁን አውጥቶ አለቀሰ። አልቅሶም አልቀረ። ጋቢውን ከትከሻው አወለቀና ከወገቧ በታች ጠቀለላት። «አሁን ተነሺ ልጄ። የሚያይሽ የለም» አላት። ተነሳች። ደግፎ በራሱ በቅሎ ላይ አስቀመጣት።

«አባባ፣ ኮርቻው ይበላሻል» አለችው።

«ኮርቻ ይታጠባል» አለና ልጓሙን ይዞ በእግሩ መንገድ ጀመረ።

በከተማው ይህን ጉዳት የሚጠግኑ ሐኪሞች ነበሩ። ጊዜ ፈጀ፤ ዳነች። መልእክተኛው አባቷ ቤት መጥቶ የጠየቃት ቀን ገና ከበሩ ሲገባ ከመቀመጫዋ ብድግ አለችለት። ሰውዬው አንገቱን ደፋ።

ሲስተር የሺእመቤት ትረካቸውን እዚህ ላይ አቁመው ወደ አዜብ ዞሩ።

«ያ መልእክተኛ አንቺ ነሽ። አትቆጪ፤ ታማኝ ነው ብዬሻለሁ። አባትየው ደግሞ ጥናትሽን የሚያነበው ሰው ነው። ‹ግዴለሽ› ብለሽ የጻፍሽ እንደሆነ፣ ከአንቺ በኋላ የሚመጡት ተማሪዎች ያንኑ ይማሩታል። ነርስ ሆነው ሲወጡም፣ አርፍዳ የመጣችዋን እናት በዚያው ስም ይቀበሏታል። ያቺ እናት ሁለተኛ የምትመጣ ይመስልሻል? ‹አልተመለሱም› ብለሽ ጻፊ፤ እሱን በዓይንሽ አይተሻል። ለምን እንዳልተመለሱ ግን ገና አልጠየቅሽም።»

«ጠይቄያለሁ እኮ፣ ሲስተር።»

«ሰው በተሰበሰበበት፣ ከጠረጴዛ ማዶ ሆነሽ ‹ደህና ነሽ?› ብለሻቸዋል። እሱ ሰላምታ ነው። ሰላምታሽን በሰላምታ መለሱልሽ።»

«ሲስተር» አለች አዜብ፤ «ያቺ በሩ ላይ የቆመችው ሴትዮ... በዚያ ሙቀት ወገቧ ላይ ወፍራም ጋቢ አሸርጣ ነበር። ወንበሩን ሳቀርብላት አየችውና ወደ ኋላ አፈገፈገች። እኔ የናቀችኝ መስሎኝ...»

«ቤቷን ታውቂዋለሽ?»

«ሰፈሯን አውቃለሁ። ጠይቄ አገኘዋለሁ።»

«ሂጂ እንግዲህ። ብቻዋን እስክትሆን ጠብቂ፤ የምትጽፊበትንም እዚሁ ተይው። አክስትየዋ መነሳት ካቃታት ልጅ ጋር ተቀመጠች። ያንቺዋን ያቃታት መቀመጥ ነው፤ እስክትነግርሽ ድረስ አብረሻት ቁሚ።»