ውሃው የቆመበት ልክ

አንድ ሰው ነበረ፤ በጓሮው ዓሣ የሚያረባ። አንተ ልሳኑ፣ ቁጭ በል እንጂ፤ አኮፋዳ አንግቶ ምሳሌ አይሰማም። «የኔታ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ የተሰበረ ቅኔዬን ሲያቃኑልኝ ኖረው ከጥቅምት ወዲህ ዝም አሉኝ፤ ምን በድዬ ነው?» ብለሃል። መልሱ እዚያ ሰውዬ ጓሮ ውስጥ ነው።

ሰውዬው ገበሬ ነበር። ከሁለት በሬዎቹ አንዱ ቢሞትበት ማረስ አልሆንለት አለና ከቤቱ ጀርባ ኩሬ ቆፈረ። ውሃው እንዳይሰርግ ወፍራም ላስቲክ እንዲያነጥፍ የግብርና ሠራተኛው መከረው፤ ከማንጠፉ በፊት ግን ድንጋዩን እንዲለቅም፣ አፈሩን እንዲነፋ፣ ከሥር ጆንያ እንዲያለብስ አስጠነቀቀው። የዓሣ ጫጩቶቹ በማግሥቱ ሊመጡ ነበርና ሰውዬው ላስቲኩን እዚያው ድንጋዩ ላይ ዘረጋው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባል የለ?

ዓሣዎቹ አደጉ፤ ልጆቹም ከእነሱ በሉ። ኩሬው ግን በየቀኑ ይጎድላል። ደግነቱ ከበላዩ ምንጭ ያለው ጎረቤት ነበረው። ባለምንጩ በየጠዋቱ ቦዩን ይከፍትለታል፤ ኩሬው ይሞላል፤ ሰውዬው «እግዜር ይስጥልኝ» ይላል። ሁለት ዓመት እንዲህ ኖሩ። ምስጋናው ከልቡ ነበር፤ እሱን አልነፍገውም።

አንድ ቀን ባለምንጩ ቦዩን በሣርና በጭቃ ደፈነው።

ሰውዬው አንድ ቀን ጠበቀ፤ ሁለት ቀን ጠበቀ። ውሃው ወረደ። ዓሣዎቹ ካለቁ ልጆቹን የሚያበላው ሌላ ነገር አልነበረውምና ጭንቅ ያዘው። ጎረቤቱ የቀናበት መሰለው፤ ሽማግሌም ላከበት። ሽማግሌዎቹ ይዘው የተመለሱት መልስ አጭር ነበር፦ «ውሃው ወርዶ ሲቆም ይጥራኝ። ዓሣው እንዳይሞትበት ሦስት በርሜል ውሃ ሞልቼ አስቀምጫለሁ።» ሰውዬው የበርሜሉን ነገር ሲሰማ ይባስ ተናደደ። ውሃ ካለው ለምን አይሰጠኝም አለ። እኔም ብሆን እንዲሁ እል ነበር።

በአምስተኛው ቀን ውሃው ቆመ። ሰውዬው እንጨት ተክሎ ልኩን ምልክት አደረገበት፤ ሲነጋ አየው፣ በማግሥቱም አየው፤ አልተነቃነቀም። ኩሬው ግማሽ ነው፤ ዓሣዎቹም ከታች ይርመሰመሳሉ። ያን ጊዜ ጎረቤቱን ጠራው። ባለምንጩ ልብሱን ሰብስቦ ገባና ዳር ዳሩን በውሃው ልክ በመዳፉ እየዳበሰ ዞረ፤ አንድ ሹል ድንጋይ ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ። ላስቲኩ ክንድ ያህል ተቀዷል። በየጠዋቱ የሚሞላው ውሃ ቀዳዳውን ሁለት ዓመት ሸፍኖት ኖሯል።

ሁለቱ ሆነው ዓሣዎቹን ወደ በርሜሎቹ አጋዙ። ላስቲኩን ሲያነሡት ሌሎቹም ድንጋዮች በየቦታው ፍቀው አሳስተውታል፤ መጣፍ የሚያዋጣ አልነበረም። ሰውዬው ያለችውን አንዲት በግ ሸጦ አዲስ ላስቲክ አመጣ። በዚህኛው አልቸኮለም፤ ድንጋዩን ለቀመ፣ አፈሩን ነፋ፣ ጆንያውን አለበሰ። ባለምንጩ ቦዩን ከፈተለት፤ ኩሬው ሞላ፤ ሞልቶም አደረ። ሰውዬው የጎረቤቱን ጉልበት ሊስም ወደቀ።

«ውሃ በሰጠኸኝ ቀን ሁሉ አመስግኜሃለሁ» አለው፤ «ትልቁን የሰጠኸኝ ግን ቦዩን የዘጋህ ቀን ነው።»

ባለምንጩም «ተነሣ ወንድሜ፤ ጎመኔም ውሃ ጠምቶት ነበር» አለው።

እንግዲህ ልሳኑ፣ ባለምንጩ እኔ ነኝ፤ ቦዩን የዘጋሁብህም እኔ ነኝ። ቅኔህን ባቃናሁልህ ቁጥር ሙሉ ትመስል ነበር፤ የጎደለህን አንተም እኔም አናይም ነበር። ዝም ባልኩህ ጊዜ ወረድህ፤ ጓደኞችህ ሳቁብህ፤ እኔንም አመመኝ። ትናንት ቅኔህን ስትነግረኝ ግን ልኩን አገኘሁት። ሁለቱ ቤት ቆሙ፤ ሦስተኛው ላይ ግስ ጠፋህና ፈሰሰ። ያኔ በመጀመሪያው ዓመት ግሱን ቸኩለህ አልፈኸዋል። ነገ ጠዋት ሁሉንም አንሥተን ከሥር እንጀምራለን፤ እኔም አብሬህ ድንጋይ እለቅማለሁ።

እኔ ግን እንዳንተ አልነበርኩም። የኔታዬ ዝም ሲሉኝ ምን በደልኩ ብዬ ሳልጠይቃቸው ሄድኩ፤ አራት ዓመት በየደብሩ ውሃ እየለመንኩ ባከንኩ። አንተ ጠየቅኸኝ፤ እግዚአብሔር ይስጥህ። እነዚያን ሁለት ቤቶች ደግሞ፣ ልጄ፣ ማንም አልሞላልህም። እኔ ሰምቼ ተመስገን ብያለሁ፤ አንተም በል።