በቀትር የሚሞላው ጋን

አንድ ሰው ነበረ፤ በደረቅ አገር የምንጭ ባለቤት ነበር። ዝናብ የከዳበት ዓመት መጣና የመንደሩ ውኃ ሁሉ ሲነጥፍ የእርሱ ምንጭ ብቻ ቀረ። ሰውየውም ምንጩን በእሾህ አጠረው፤ ጠዋት ጠዋት ለየቤቱ በቅል እየለካ ይሰጥ ጀመር። በገዛ ቤቱም ልኩ ያው ነበር፤ ለሚስቱም አንዲት ቅል። ክፉ ሰው ነበር አልልሽም። ውኃው ያልቃል ብሎ ፈርቶ ነበር፤ የፈራ ሰው ግን አንዳንዴ ከክፉም ይብሳል።

ከመንደሩ በላይ፣ መንገደኛ በሚያልፍበት አፋፍ ላይ፣ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ቤተ ክርስቲያን አለ። ከደጁ አንድ ጋን ተቀምጧል። ጻድቁ የተጠማች ወፍ አይተው የዓይናቸውን እንባ አጠጧት ይባል የለ? በእርሳቸው ስም መንገደኛና ወፍ እንዲጠጣበት የተቀመጠ ነው። እና ጉዱን ስሚ፤ በዚያ ሁሉ ድርቅ ጋኑ አልደረቀም። ጠዋት መንገደኛው አሟጦት ይሄዳል፣ ከቀትር በኋላ ሞልቶ ይገኛል። ሲሞላው ያየ የለም። ቀትር የጋኔን ሰዓት ነው፤ እናት ልጇን ከደጅ ጠርታ ታስገባለች እንጂ ማን ይወጣል? አገሩም «አቡዬ ራሳቸው ናቸው የሚሞሉት» አለ።

«ሌባ ነው» አለ ሰውየው። «ከእኔ ምንጭ እየሰረቀ በጻድቅ ስም የሚመጻደቅ ሌባ።»

ሌላም ጭንቀት ነበረበት። ሚስቱ እየመነመነች ሄደች። ከንፈሯ ተሰነጠቀ፣ ዓይኗ ጎደጎደ። ምን ሆንሽ ሲላት «ምንም» ትለዋለች። ድርሻዋን በየቀኑ በእጁ ይሰጣታል፤ እርሷ ግን ትደርቃለች። አንድ የማይታይ ነገር ውኃዋን የሚጠጣባት መሰለው። ይወዳት ነበርና እንዳትሞትበት ፈራ።

አንድ ቀን በቀትር ዱላውን ይዞ ወጣ። ጋኑን ቢያየው ባዶ ነው። ከወይራው ጀርባ ተሸሸገ። ነፋስ የለም። ወፉም ጭጭ ብሏል። ጥላው እግሩ ሥር ገብቶ ጠፍቷል። ትንሽ ቆይቶ ከታች አንድ ሰው ብቅ አለ፤ ፊቱ ተሸፍኗል፣ ኮቴው አይሰማም። ወደ ጋኑ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር አፈሰሰ፣ መሬት ሳመና የኋሊት እየሄደ ከድንጋዩ ወዲያ ተሰወረ። እርሱ ሲጠፋ ሌላ መጣ፤ ይኸኛውም የተሸፈነ፣ ይኸኛውም ድምፅ የሌለው። ደግሞ ሌላ። የሰውየው ጠጉር ቆመ። «ሙታን ናቸው» ብሎ አማተበ። ዱላው ከእጁ ወደቀ።

ከዚያ አንዷ ስታነክስ አየ። ያችን ማንከስ ያውቃታል። ጠዋት ቅሏን ሲሞላላት የሰደባት ጎረቤቱ ናት፣ ባሏ የሞተባት። ቀጥሎ የመጣው ደግሞ በድንበር የተካሰሰው ባላንጣው ነው። እርሱ ከለካላቸው ላይ እየቀነሱ ነው የሚያፈሱት። በጻድቁ ስም የሰጡት ከታየ ዋጋው ይቀራል ሲባል እየሰሙ አድገዋልና አንዱ ስለ ሌላው አያውቅም፤ እያንዳንዱ ብቻዬን ነኝ ይላል። ሰው የማይወጣበትን ሰዓት የመረጡትም ለዚህ ነበር።

በመጨረሻ አንዲት ቀጭን ሴት መጣች። ቅሏን ሙሉውን ገለበጠች። መሬት ልትስም ጎንበስ አለች፤ አልተነሣችም። ሰውየው ሮጦ ነጠላዋን ቢገልጥ ሚስቱ ናት። የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይኼ ነው።

ሊያጠጣት ወደ ጋኑ ዞረ። ጋኑ እስከ አፉ ሞልቶ ነበር። ሲፈስ ያየው ሁሉ ቢጠራቀም ያን አያህልም፤ እንዴት ብለሽ ግን አትጠይቂኝ፣ አላውቅም። በእፍኙ ቀድቶ ወደ አፏ ሲያስጠጋው ፊቷን አዞረች።

«ተው፣ የመንገደኛ ነው።»

«ማን አዘዘሽ?» አለ እያለቀሰ።

«እናቴ ልትሞት ስትል አደራ አለችኝ። ለእርሷም እናቷ።»

ተሸክሟት ወረደ። ምንጩ ዘንድ ሲደርስ አጥሩን በባዶ እጁ ይነቅለው ገባ፤ እሾሁ እጁን እየዘነጠለው፣ በደማ እጁ እየቀዳ አጠጣት። ተረፈች። ያ አጥር ዳግመኛ አልታጠረም።

እንግዲህ ልጄ፣ በጻድቁ ሥዕል ፊት ቆመሽ «አባ፣ ከሞቱ ይህን ያህል ዘመን የሆናቸው ጻድቅ ዛሬ ለእኔ ምን ይሠራሉ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ያ ሰው ሙታን መጡ ብሎ በመፍራቱ ሰው ይስቅበታል፤ እኔ አልስቅበትም። ያችን አንካሳ ዳገት ያወጣት፣ ባላንጣውን ቅል ያስያዘው፣ የተጠማችውን ሚስቱን ውኃዋን ያስገለበጣት ማን ነው? ለአንዲት ወፍ እንባቸውን የሰጡት ጻድቅ ናቸው፤ እርሳቸውም ከሞቱ ቆይተዋል። ቅዱሳን እንዲህ ናቸው፣ በሕያዋን እግር ይሄዳሉ። ምን ይሠሩልኛል አልሽ፤ እኔ የምፈራልሽ ግን በአንቺ እጅ ሊሠሩ ሲመጡ እንደዚያ ሰው በእሾህ አጥረሽ እንዳያገኙሽ ነው።