ለፊታውራሪ የሚወርድ ሙሾ

በአንድ ከተማ ልብ ወለድ እየጻፈች በእሱ ለመኖር የቆረጠች ሴት ነበረች። አገሩ ይህን እንደ ሥራ ስለማይቆጥረው ባገኛት ቁጥር "ሥራ እስክታገኚ ነው?" ይላት ነበር። የመጀመሪያ መጽሐፏ ግን ገና ከማተሚያ ቤት ሲወጣ ሰው ተሻማበት፤ አንድ ስስታም ሹም ሞቶ ዓይኑን ያረጠበ ለቀስተኛ የታጣበት ታሪክ ነበርና።

የከተማው ገዥ ፊታውራሪ ወንድይራድ ይህን ሰምተው አስጠሯት። መጽሐፍ አይወዱም፤ ይህን ግን ደጋግመው አስነብበው ሰምተዋል።

"አንቺ! በቁሜ የቀበርሽኝ ምን ባደርግሽ ነው?"

"ኧረ ጌታዬ፣ ለሰውዬው ስም እንኳ አላወጣሁለትም።"

"ስሙንማ አገሩ አውጥቶለታል! አሁን ቀብሩን እንደገና ትጽፊያለሽ። ሕዝቡ ደረቱን ይድቃ፤ ስመ ጥር አስለቃሽ መጥታ ሙሾ ታውርድ። እምቢ ካልሽ ከእንግዲህ አንዲት ገጽ የሚያትምልሽ አታገኚም።"

ሴትዮዋ ነጠላዋን አስተካክላ እጅ ነሳች።

"አስለቃሽማ መጀመሪያውኑ አስገብቼ ነበር፣ ጌታዬ። ሙሾውን ልትጀምር ስትል 'ሟቹ የሠራውን አንድ ደግ ነገር ንገሪኝና በእሱ ላስለቅስ' አለችኝ። ፈጠራ እንጀራዬ ነው፤ ነገር ግን ብፈጥር ብፈጥር የሚታመን አጣሁ። እባክዎ እርስዎ አንድ ይንገሩኝና ዛሬውኑ ልጻፈው።"

ፊታውራሪ ጢማቸውን ይዘው ማሰብ ጀመሩ። እሳቸው እያሰቡ መጽሐፉ ዳግመኛ ታተመ።