የአባባ በዳሶ ጉድጓድ

አንዲት መምህርት ነበረች። በስምጥ ሸለቆ፣ ከዋናው መንገድ ራቅ ባለች ቀበሌ ታስተምራለች። በየክረምቱ ዩኒቨርሲቲ እየገባች ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች። ዘንድሮ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ አምጪ ተባለች።

ርዕስ ፍለጋ የዩኒቨርሲቲውን የጥናት ማከማቻ ድረ ገጽ ከፈተች። ማንም በነፃ የሚያነበው ነው፤ የይለፍ ቃል አይጠይቅ፣ ክፍያ አይጠይቅ። እንዲያው ለሙከራ የቀበሌዋን ስም ጻፈች።

አንድ ጥናት ወጣ። ስለ ቀበሌዋ የመጠጥ ውሃ። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት የተጻፈ።

አነበበችው። የአቶ በዳሶ ጉድጓድ ውሃ ፍሎራይዱ ከልክ በላይ ነው፤ የልጆችን ጥርስ ያበልዛል፣ ሲቆይ አጥንት ያጎብጣል፤ አይጠጣ ይላል። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለው ምንጭ ግን ተፈልቶ ቢጠጣ ደህና ነው ይላል።

ምንጩን ታውቀዋለች። ልብስ ታጥብበታለች። መንደሩ በሙሉ ልብስ ያጥብበታል፤ ደፍረስ ስለሚል። የሚጠጡት የጉድጓዱን ነው። መስተዋት ይመስላላ!

ልጇ ሰባት ዓመቷ ነው። የወተት ጥርሶቿ ወልቀው አዲሶቹ ሲመጡ በልዘው ወጡ። "የዚህ አገር ሰው ዘሩ ነው" ሲሏት፣ እሷ ራሷ የሌላ አገር ሰው መሆኗን እንኳ ረስታ፣ እውነት ነው ብላ ተቀብላ ነበር።

አሥራ አንድ ዓመት! ልጅቷ ሳትወለድ መልሱ ተጽፎ ነበር። ከገጹ ግርጌ ጥናቱን ስንት ሰው እንዳወረደው የሚቆጥር ቁጥር አለ። ዜሮ ይላል።

ለጸሐፊው ደወለች። አሁን ዶክተር ነው።

"እህቴ፣ ክፍት ነው እኮ!" አላት። "የትም ያለ ሰው በነፃ ያነበዋል።"

"አባባ በዳሶስ?"

"ማን?"

"ምስጋናው ገጽ ላይ ስማቸውን የጻፉላቸው ሰውዬ።"



ወደ ቀበሌዋ ስትመለስ ጥናቱን አትማ ይዛ ሽማግሌው ዘንድ ሄደች። ወገባቸው ከጎበጠ ቆይቷል። ቀና ማለት ስለማይችሉ ሰው ሲያናግሩ አንገታቸውን ወደ ጎን ያዞራሉ።

"ያ ጠርሙስ ይዞ የመጣው ልጅ? እንዴት እረሳዋለሁ! ገመዱን የሳብኩለት እኔ ነኝ። አለፈለት?"

"አልፎለታል፣ አባባ። እዚህ ላይ አመስግኖዎታል።"

"ጎበዝ! ስለ ውሃውስ ምን አለ?"

"አትጠጡ ብሏል።"

አንገታቸውን እንደምንም አዙረው አዩዋት።

"ለማን ነው ያለው?"

ገና ነው፣ ምእመናን፣ አሜን አትበሉ። በዶክተሩ ለመፍረድም አትቸኩሉ። እኔን ያስደነገጠኝ የእኛ ነገር ነው። ለአባባ በዳሶ ወገብ፣ የጸሎት ልመናቸው ደርሶን፣ በዚህ አዳራሽ ሦስት ቀን ጾመን ጸልየናል። ረሳችሁት? ግማሻችሁ ዲግሪ አላችሁ። ሁላችሁም ኪሳችሁ ውስጥ ስልክ አለ። "ጌታ ሆይ፣ መልስ ስጠን" እያልን ስናለቅስ፣ መልሱ ተጽፎ ተቀምጦ ነበር። ማን ፈለገ? እኔም አልፈለግኩም። ማልቀሱ ቀለለኝ።

እናንተስ የምታውቁትን የት አኖራችሁት? የተማርከው፣ ለማን ነው ያልከው? የመረመርሽው፣ ለማን ነው ያልሽው? "ተጽፏል፣ የፈለገ ያንብብ" ብለን እጃችንን ታጥበን ተቀምጠናል! በር መክፈት መልካም ነው። በሩ መኖሩ ያልተነገረው ሰው ግን ዛሬም ውጭ ቆሟል።

ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ የመንደራችሁን ስም ጽፋችሁ ፈልጉ። ያገኛችሁትን ይዛችሁ ስሙ ወደ ተጻፈው ሰው በእግራችሁ ሂዱ፤ በሚሰማው ቋንቋ፣ በአፋችሁ ንገሩት።

ለመምህርቷ ልጅ አሁን የምንጩን ውሃ አፍልተው ይሰጧታል። ጥርሶቿ ግን የወጡት አንዴ ነው። ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች።

ሂዱና ፊቷ ቆማችሁ "ክፍት ነበር እኮ" በሏት። ከቻላችሁ።